ዓይነ ስውራን ሠራተኞችና የጉባኤ ጉዞ ወጪ

ያንድ ሠራተኛ ትምህርት ዲፕሎማውን በተቀበለበት ቀን የሚያልቅ አይደለም። አስተማሪ ቢሆን፥ የሕግ ባለሙያ ቢሆን፥ ወይም የሒሳብ ሠራተኛ ቢሆን፥ በየጊዜው ከሙያ ጓደኞቹ ጋራ እየተገናኘ አዲስ የተገኘውን ነገር ካልሰማ እውቀቱ ባለበት ይቆማል። መሥሪያ ቤቶችም በየዓመቱ ገንዘብ መድበው ሠራተኞቻቸውን ወደ ጉባኤና ወደ ዐውደ ጥናት የሚልኩት ስለዚህ ነው። በአገራችን ደግሞ ጉባኤ መሄድ ከትምህርትነቱ ሌላ የውሎ አበልም ያለበት ስለ ሆነ፥ ማን ይሂድ፥ ማን ይቅር የሚለው ጥያቄ በየቢሮው ስንት ቅሬታ እንደሚያስነሣ ሁላችንም እናውቃለን።

በዚህ ጽሑፍ የምመለከተው የዚህኑ ጥያቄ አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ ይኸውም ከሚላኩት ሠራተኞች አንዱ ዓይነ ስውር በሆነ ጊዜ ወጪው እንዴት ቢከፈል ትክክል ይሆናል የሚለው ነው። ለሁሉም እኩል ገንዘብ መስጠት እኩል ዕድል መስጠት እንዳልሆነ ብዙ ሰው ቶሎ ይቀበለዋል። እኔ ግን ከዚያ ባሻገር ያለ፥ ብዙ ጊዜ የማይታሰብ ነገር አለ እላለሁ፤ እሱም ተጨማሪው ወጪ የሚወጣው ከየትኛው ኪስ ነው የሚለው ነው።

ወደዚህ ጥያቄ ያመጣኝ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ ያየሁት ነገር ነው። የተማርሁበት ትምህርት ቤት የሚሲዮን ነበር። የታሪክ አስተማሪያችን ዓይነ ስውር ነበሩ። የክፍሉን ተማሪ ሁሉ በድምፁ ለይተው ያውቁት ነበርና፥ ከኋላ ወንበር የሚያንሾካሹክ ቢኖር ስሙን ጠርተው «ቀጥል፥ እኛም እንስማው» ይሉት ነበር። ጋዜጣና አዲስ መጽሐፍ በተራ የምናነብላቸው እኛ ነበርን። አንድ ዓመት በሌላ ከተማ የታሪክ አስተማሪዎች ጉባኤ ሲደረግ፥ የትምህርት ቤቱ መምህራን በድምፅ ብልጫ እሳቸውን መረጡ። ዳይሬክተሩም «መምህር፥ በመመረጥዎ ደስ ብሎናል፤ ነገር ግን የተፈቀደልን ያንድ ሰው አበል ብቻ ነው» አሏቸው። እሳቸውም «ይሁን፤ ልጁ ከእኔ ድርሻ ይበላል» ብለው የእኅታቸውን ልጅ ይዘው ሄዱ። የልጁን የአውቶቡስ ዋጋ ከኪሳቸው ከፈሉ፤ ባንድ አልጋ ለሁለት ተኙ፤ ያንድ ሰው አበል ለሁለት ሰው አልበቃ ስላለም የመዝጊያውን ቀን ስብሰባ ሳይሰሙ ተመለሱ።

ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። ለአንዱ የሰጡትን ያህል ለሌላውም ሰጡ፤ መዝገቡን የሚመረምር ኦዲተር ቢመጣ አንዳች ጉድለት አያገኝባቸውም። ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው። በደሉ የተሠራው ደንብ በመጣስ ሳይሆን ደንብ በመጠበቅ ነው።

መሪ ማለት እጅ ይዞ መንገድ የሚያሻግር ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በማያውቁት ከተማ ከመናኸሪያ እስከ ሆቴል፥ ከሆቴል እስከ አዳራሽ መድረስ በእርግጥ አንዱ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ትንሹ ነው። ተናጋሪው «እዚህ ላይ እንደምታዩት» ብሎ ወደ ግድግዳው በጠቆመ ጊዜ የታየው ነገር ምን እንደ ሆነ በዝግታ የሚነግር ሰው ያስፈልጋል። በር ላይ የሚታደለውን ወረቀት የሚያነብም ያስፈልጋል። ከሁሉ ይልቅ ግን የሻይ ሰዓት አለ። በበኩሌ የጉባኤ እኩሌታው ጥቅም በሻይ ሰዓት የሚገኝ ይመስለኛል፤ በመድረክ ላይ የተነበበውን ጽሑፍ በኋላም አግኝቶ ማንበብ ይቻላልና። በሻይ ሰዓት ሰው ሰውን የሚፈልገው በዓይኑ ነው። የሚፈልገውን ሰው ከወዲያ ማዶ ያያል፥ ስኒውን ይዞ ይጠጋል፥ ሰላምታ ይሰጣል፤ ነገሩ ከዚያ ይጀምራል። ለዚህ ጽሑፍ ስል ያነጋገርኋቸው አንዲት ዓይነ ስውር የሕግ ባለሙያ እንደ ነገሩኝ፥ ያለ ረዳት በሄዱበት አንድ ስብሰባ ሰው ሁሉ ለሻይ ሲወጣ እሳቸው በወንበራቸው ላይ ቀርተው አንድ ደግ አስተናጋጅ ሻዩን አመጣላቸው። «ሻዩ ደረሰኝ፤ ሰዎቹ ግን አልደረሱኝም» አሉኝ።

በነገራችን ላይ የቀድሞው ትምህርታችን በዚህ ረገድ ከዘመናዊው ጉባኤ የተሻለ ነበር ለማለት እደፍራለሁ። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን በቃሉ ቆጥሮ በቃሉ ይነግራል፤ መምህሩም በጆሮው ሰምቶ ያርመዋል። በዚያ ጉባኤ መካከል የማያይ ሰው ቢቀመጥ ከሚያየው የሚጎድልበት ነገር ጥቂት ነው። አራቱን ጉባኤያት የፈጸመውን ሊቅ «አራት ዓይና» ብለው ሲጠሩትም የሚቆጥሩት የፊቱን ዓይን አይደለም። ሥዕልና ሠንጠረዥ በግድግዳ ላይ እያበሩ መናገር ከመጣ ወዲህ ግን ጆሮ ብቻውን አይበቃም።

ይህን ስል ዓይነ ስውር የሆነ ሁሉ መሪ ያስፈልገዋል ማለቴ አይደለም። ነጭ በትሩን ይዞ፥ ስልኩን እያዳመጠ ብቻውን አገር የሚያቋርጥ አለ። በሚኖርበት ከተማ ያለ መሪ እየተመላለሰ ወደ ማያውቀው አገር ሲሄድ ብቻ ረዳት የሚፈልግም አለ፤ ዓይኑን በቅርብ ጊዜ ያጣና ገና ያልለመደም አለ። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ አስቀድሞ ሠራተኛውን ራሱን መጠየቅ ይገባዋል። «መሪ ካልያዝህ አትሄድም» ብሎ ማስገደድ መሪ ከመከልከል የሚሻል አይደለም።

አሁን ወደ ሕጉ እንመለስ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የተደነገገው አዋጅ ቁጥር 568 በአሠሪው ላይ ከጣላቸው ግዴታዎች አንዱ፥ አካል ጉዳተኛው ሥራውን ለመሥራት ወይም ሥልጠናውን ለመከታተል የሚያስችለው ረዳት እንዲመደብለት ነው። ሥልጠና የሚለው ቃል መጨመሩን ልብ ይሏል። ሠራተኛውን ለሙያው ትምህርት ብሎ ወደ ጉባኤ የላከ መሥሪያ ቤት «ይህ ሥራ አይደለምና ረዳቱ አይመለከተኝም» ቢል፥ እኔ እንደሚመስለኝ የአዋጁን ሐሳብ ይቃረናል። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በ27ኛው አንቀጹ በቅጥር ብቻ ሳይሆን በሥራ እድገትም አድልዎ እንዳይደረግ ያዛል፤ ለሰውየው የሚያስፈልገውን ተመጣጣኝ ማመቻቸት መከልከል ራሱ አድልዎ መሆኑንም በትርጓሜው ክፍል ይናገራል።

በእርግጥ ሕጉ አሠሪውን ያለ ልክ አያስገድደውም። የሚጠየቀው ነገር በድርጅቱ ላይ ከአቅም በላይ የሆነ ጫና የሚያመጣ ከሆነ ይቀራል። ነገር ግን አዋጁ ይህን ጫና ለመመዘን የሚጠቅሰው የማስተካከያውን ዓይነትና ዋጋ፥ የድርጅቱን ስፋትና አቋም፥ የሥራ ማስኬጃ ወጪውንና የሠራተኞቹን ብዛት ነው። ሚዛኑ የድርጅቱ ሁሉ ሚዛን ነው እንጂ ያንድ ክፍል የጉዞ በጀት አይደለም። ይህ ነጥብ በኋላ ያስፈልገናልና አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ።

ስለ መሪ ወጪ በግልጽ የተጻፈ ደንብ ያገኘሁት በአሜሪካ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ለአሠሪዎች ባለው ክፍል ተመጣጣኝ ማመቻቸትን ያዛል። ይህን ክፍል የሚያስፈጽመው የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ከደንቡ ጋራ ባወጣው ማብራሪያ፥ እንደ ምሳሌ ከጠቀሳቸው ነገሮች አንዱ ዓይነ ስውር ሠራተኛ አልፎ አልፎ ለሥራ በሚጓዝበት ጊዜ አብሮት የሚሄድ መሪ ነው። ያው ኮሚሽን በ2002 (እ.ኤ.አ.) በሰጠው መመሪያ ደግሞ፥ ሥልጠናው በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ቢሰጥም፥ በሌላ ቦታና በሌላ ድርጅት ቢሰጥም የአሠሪው ግዴታ እንደማይቀር አስረድቷል። የዚያው አገር መንግሥት ለራሱ ሠራተኞች ባወጣው የጉዞ ደንብም፥ ያለ ረዳት ጉዞው የማይቻል ከሆነ የረዳቱ የመጓጓዣና የኑሮ ወጪ ሊከፈል እንደሚችል ተጽፏል፤ ረዳቱ የቤተ ሰብ አባል ቢሆንም ይኸው ነው። የእኛ አስተማሪ የእኅታቸውን ልጅ ይዘው በመሄዳቸው ያደረጉት ነገር በዚያ ደንብ እንግዳ አይደለም ማለት ነው። በብሪታንያ ደግሞ ከ1994 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መንግሥት ራሱ ለእንዲህ ያለው ረዳት የሚረዳበት ፕሮግራም አለ።

ሕጉ ይህን ያህል ከተናገረ ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? አዋጁ ረዳት ይመደብ ይላል እንጂ የረዳቱ ወጪ በየትኛው የበጀት ርእስ እንደሚያዝ አይዘረዝርም። ይህን የሚወስነው እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ነው፤ ነገሩ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ለማስረዳት ያህል በሐሳብ የተፈጠረ ቁጥር እንውሰድ። አሥራ ሁለት ክፍሎች ያሉት አንድ መሥሪያ ቤት ለእያንዳንዱ ክፍል በዓመት 64,000 ብር ለጉባኤ መደበ እንበል። ያንድ ሰው ጉዞ ለመጓጓዣ 5,000፥ ለአልጋና ለምግብ 8,000፥ ለመመዝገቢያ 2,000፥ ባጠቃላይ 15,000 ብር ይፈጃል። ስለዚህ ክፍሉ አራት ሰው ይልካል፤ 4,000 ብርም ይተርፈዋል። ከአራቱ አንዱ መሪ የሚያስፈልገው ዓይነ ስውር ቢሆን፥ የመሪው መመዝገቢያ እንኳ ቢማር መጓጓዣውና አልጋው 13,000 ብር ይጨምራል፤ የሁለቱ ጉዞ 28,000 ብር ይሆናል። የቀረው 36,000 ብር ለሁለት ሰው እንጂ ለሦስት አይበቃም። እንግዲህ ዓይነ ስውሩ ከሄደ ከባልደረቦቹ አንዱ ይቀራል ማለት ነው።

በዚህ ሁናቴ ያለ የክፍል ኃላፊ ምን ያደርጋል? ምንም ያህል ቅን ሰው ቢሆን፥ ስም ዝርዝሩን በያዘ ቁጥር አንዱ ስም ከሌሎቹ እጥፍ ያህል ዋጋ እንዳለው ያያል። «ዘንድሮ ሌሎቹ ይሂዱ፥ እሱን ለከርሞ እናደርሰዋለን» ይላል። ከርሞም ያው ሒሳብ ይጠብቀዋል። ባልደረቦቹም የቀሩት በእሱ ምክንያት መሆኑን ስለሚያውቁ፥ አፍ አውጥተው ባይናገሩም ፊታቸው ይቀየራል፤ ዓይነ ስውር ሰው ደግሞ የፊትን መቀየር በድምፅ ያውቀዋል። ያነጋገርኋቸው የሕግ ባለሙያም ለሁለት ዓመት ራሳቸው ስማቸውን ከዝርዝሩ እንዳስወጡ ነግረውኛል። ምክንያታቸውን ስጠይቃቸው «ሰው አስቀርቼ መሄድ አፈርሁ» አሉኝ።

የመሪው 13,000 ብር ከክፍሉ በጀት ሳይሆን ከመላው መሥሪያ ቤት የጋራ ገንዘብ ቢወጣ ግን፥ ለአሥራ ሁለቱ ክፍሎች ሲካፈል ለእያንዳንዱ 1,083 ብር ከጥቂት ሳንቲም ነው። እያንዳንዱ ክፍል ከተረፈው 4,000 ብር ይህን ቢከፍል እንደ በፊቱ አራት ሰው መላክ ይችላል። የሚቀር ሰው የለም፤ የክፍሉም ኃላፊ ስም ሲመርጥ የሚያየው ዋጋ የሁሉም እኩል 15,000 ብር ነው። የገንዘቡ ልክ አንድ ሳንቲም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ኪሱ ብቻ ነው። ቅድም አንባቢ እንዲይዝልኝ የለመንሁት ነጥብም ከዚህ ጋራ ይገጥማል፤ ሕጉ ጫናውን በድርጅቱ ስፋት የሚመዝን ከሆነ ከፋዩም ድርጅቱ መሆን አለበት።

በዚህ አሳብ ላይ ከጓደኞቼ ጋራ በተከራከርሁ ጊዜ ሁለት ተቃውሞ ቀርቦልኝ ነበር። የመጀመሪያው «ለአንድ ሰው የሁለት ሰው አበል መስጠት ለሌሎቹ አድልዎ ነው» የሚል ነው። ይህ አበሉን እንደ ደመወዝ ከማየት የመጣ ስሕተት ነው። የመሪው አበል ዓይነ ስውሩ ኪስ ውስጥ አይገባም፤ መሪው ይበላዋል፥ ይተኛበታል። መነጽር የሌለው ሠራተኛ መብራት በመሥሪያ ቤቱ ወጪ ሲበራለት ማንም ትርፍ አገኘ አይለውም፤ ያ መብራት ግን ለዓይነ ስውሩ ምንም አይሠራለትም። ሁለተኛው ተቃውሞ «ዘመዱን ይዞ ሽርሽር ይሄድበታል» የሚል ነው። ይህ ፍጹም የማይሆን ነገር ነው አልልም። ነገር ግን ሐሰተኛ የአልጋ ደረሰኝ የሚያቀርብ ሠራተኛ ስለ ተገኘ አበል ለሁሉም ሲቀር አላየንም። ደረሰኝ ማስቀረብ፥ የመሪውን ስም አስቀድሞ ማስመዝገብ በቂ ነው። መሪውን መምረጥ ግን ለሠራተኛው ለራሱ መተው አለበት፤ ሰው ክንዱንና የኪሱን ገንዘብ ለማያምነው ሰው አይሰጥምና።

መሥሪያ ቤቶች ወጪ ለማዳን ብለው የሚያመጡት መላ አንድ አለ፤ «አብሮት የሚሄድ ባልደረባ አለ፤ እሱ ይምራው» የሚል ነው። ሁለቱ ሰዎች ወድደው ከተስማሙ ማንም አይከለክላቸውም። እንደ ደንብ ሲያዝ ግን ሁለቱንም ይጎዳል። ባንድ ሰዓት በሁለት አዳራሽ ሁለት ጽሑፍ ሲነበብ ሁለቱ ወደ አንዱ ብቻ መግባት አለባቸው፤ ብዙ ጊዜም የሚመረጠው የመሪው ነው። ባልደረባውም ቢሆን የተላከው ሊማር ነው እንጂ ሊመራ አይደለም። ሌላው መላ ከ2020 (እ.ኤ.አ.) የወረርሽኝ ዓመት ወዲህ የተለመደው በኢንተርኔት መከታተል ነው። ሁሉም በኢንተርኔት ከተከታተለ መልካም ነው፤ ሌሎቹ በአውሮፕላን ሄደው ዓይነ ስውሩ ብቻ ከቢሮው ያዳምጥ ማለት ግን ቅድም ያልሁትን የሻይ ሰዓት ከእሱ መንሣት ነው።

ዓይነ ስውራን ማኅበራት የሚያደርጉትን ጉባኤ በሚመለከትም ጥያቄ ይነሣል። በአሜሪካ በ1940 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው ብሔራዊ የዓይነ ስውራን ፌዴሬሽን በየዓመቱ እንዲህ ያለ ትልቅ ጉባኤ ያደርጋል። መሥሪያ ቤት ሠራተኛውን ወደዚያ መላክ አለበት ወይ ቢባል፥ መልሱ ለሌሎቹ ከሚሰጠው የተለየ መሆን የለበትም። በሥራው የሚጠቀምበትን መሣሪያ ሊማር የሚሄድ ከሆነ ይላክ፤ ለማኅበሩ ምርጫ ብቻ ከሆነ ሌላውም ሰው ለማኅበሩ ምርጫ በራሱ ወጪ ነው የሚሄደው። አንዳንድ ኃላፊ ግን «ይኸኛው ለእናንተ የተሠራ ነው» እያለ ወደ ማኅበሩ ጉባኤ ብቻ ይልካቸውና ከሙያቸው ጉባኤ ያስቀራቸዋል። ሰውየው የሒሳብ ሠራተኛ ከሆነ ስለ ሒሳብ መስማት ነው የሚፈልገው።

ገንዘብ ሁሉ ተከፍሎ ወረቀቱ ሊነበብ ካልቻለም ጉዞው ግማሽ ነው። ዛሬ ዓይነ ስውር ሠራተኛ በኮምፒውተር የሚያነበው ጽሑፉን ወደ ድምፅ በሚለውጥ ፕሮግራም ነው፤ ኤንቪዲኤ የሚባለው እንዲያውም በነጻ የሚገኝ ነው። ነገር ግን ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በስካነር ተነሥቶ ቢላክለት ለፕሮግራሙ ሥዕል እንጂ ፊደል አይደለም። በአማርኛ ደግሞ የራሳችን ችግር አለ። የግዕዝ ፊደል በ1999 (እ.ኤ.አ.) ወደ ዩኒኮድ ከመግባቱ በፊት በተሠሩት የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ ጽሑፍ፥ ለሚያይ ሰው ጥሩ አማርኛ ሆኖ ሳለ ለሚያዳምጠው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ድብልቅልቅ ነው። እስከ ዛሬም በነዚያ ፕሮግራሞች የሚጽፍ ቢሮ አለ። የጉባኤ አዘጋጆች ጽሑፎቹን በዩኒኮድ አድርገው ከሳምንት በፊት ቢልኩ ምንም ወጪ የለበትም፤ የመሪውንም ሥራ እኩሌታውን ያቃልልለታል።

አስተማሪያችን ሳይሰሙት የቀሩት የመዝጊያው ቀን ስብሰባ ስለ አዲሱ የታሪክ መማሪያ መጽሐፍ የተነገረበት ነበር። የትኛው ምዕራፍ እንደ ወጣ፥ የትኛው እንደ ገባ የተገለጠው በዚያ ቀን ነው። በመስከረም መጽሐፉ ሲመጣ ተራው የእኔ ስለ ነበረ ማውጫውን ያነበብሁላቸው እኔ ነኝ። በሦስተኛው ምዕራፍ ላይ አስቁመውኝ «እስቲ ድገመው» አሉኝ፤ ደገምሁላቸው። በዚያ ምዕራፍ ላይ ክረምቱን በሙሉ ያዘጋጁት ትምህርት ነበራቸው።